ትል የሌለበት ውኃ

የታመመ ወንዝ ጤነኛ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከተለኝ ኖሯል። ሰው ሲታመም “ኧረ ድሮ እንዲህ አልነበረችም” የሚል ዘመድ አለው። ለወንዝ ማን ይመስክርለት? ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መልሱን ሳገኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በደስታ ጮኽኩ፤ በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለካስ የሰው እጅ ብዙ ያልነካውን፣ በሌላው ሁሉ ከታመመው ጋር የሚመሳሰለውን ውኃ ፈልጎ፣ በውስጡ የሚኖሩትን ፍጥረታት መቁጠር ነው። እሱ መነሻ ይሆናል፤ የታመመው ከእሱ ጋር ይተያያል። መነሻው ከተበላሸ ግን ነገሩ ሁሉ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጧል ነው።

ከፋሲካ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ እዚህ እስራኤል የሀደራ ከተማን ወንዝ ለሚመረምረው ቡድናችን መነሻውን የማምጣት ታላቅ ሹመት ለእኔ ተሰጠ። ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት ይፈለጋል። እናቴ ሹመቴን ሰምታ የጠየቀችኝ፣ ወንዝ የምትወርጂው ከማን ጋር ነው ብላ ብቻ ነው። ሁለት ዲግሪ ቢኖራትም ሴት ልጅ ብቻዋን ወንዝ አትወርድማ! ስለዚህ የክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ጎረቤታችን እትዬ አዛለች አብረውኝ ተላኩ። እምቢ አትይም ነበር? እኔ እኮ ሹፌሩን “በር ክፈትልኝ” ማለት ፈርቼ ከፌርማታዬ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ።

ከከተማው ወጣ ካለችው ምንጭ በመረቤ ጨልፌ ነጩ ሳህን ላይ ስገለብጠው ልቤ ዘለለ! የውኃ ተርብ እጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ ከመጽሐፍ ብቻ የማውቃቸው ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ። ጤና ማለት ይኸው! ለእትዬ አዛለች ግን ምንም አላስረዳሁም፤ ትልቅ ሰው ማስተማር አፈርኩ። ብልቃጦቹን ላመጣ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ስመለስ የሳህኑ ውኃ እንደ መስታወት ጠርቷል። እትዬ አዛለች ጎንደር ገጠር ሳሉ አልቅት እንዳይጠጡ ውኃ በጨርቅ እያጠለሉ ያደጉ ናቸው። በነጠላቸው ጫፍ አጥልለው፣ የኔን ውድ ፍጥረታት ሣሩ ላይ አራግፈው፣ በኩራት ቆመዋል።

“እንዴ ልጄ! ለመንግሥት የሚቀርብ ውኃ ትል ይዞ ይሄዳል? ያዋርዱሽ ነበር እኮ!”

በዚያው ቅጽበት አለቃዬ ደውሎ መነሻው እንዴት ነው አለኝ። በሴደር፣ ደኅና ነው፣ አልኩት። ዋሸሁ!

እትዬ አዛለች ፊትሽ ለምን ጠቆረ ሲሉኝ መናገር ጀመርኩ፤ ጀምሬም ማቆም አቃተኝ። ይህን የጠራ ውኃ ባቀርብ ምንጩ የሞተ እንደሚመስል፣ የታመመው ወንዝም በእሱ አንጻር ጤነኛ ተብሎ እንደሚቀር ነገርኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያም “አፍ የለሽም እንዴ አንቺ ልጅ? ቀድመሽ አትነግሪኝም?” ብለው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡ።

ካልነካነው ቦታ እንደገና ጨለፍን። ምስር ለቅመው ያረጁት ጣቶቻቸው እኔ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን ለቀማ በአንድ ሰዓት ጨረሱት። አንዷን ባነሡ ቁጥር “ይቺስ ጤና ናት?” ይላሉ። ናት እላለሁ። አልቅቷ ላይ ስንደርስ ግን “እሷን እንኳ ተይኝ!” ብለው ዲግሪዬን አፈር አበሉት።

ቤት ገብቼ ሪፖርቱን ስሞላ፣ የተጣለ ናሙና ካለ ምክንያቱ ይገለጽ የሚል መስመር ገጠመኝ። ባዶ ብተወው ማን ያውቃል? ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ እውነቱን ለመጻፍ ወሰንኩና እንዲህ ስል ሞላሁት፦

“የመጀመሪያው ናሙና ተጥሏል። ምክንያት፦ በጣም ንጹሕ ነበር።”