በደረሰኝ የመጣ ማርስ

አገር የሚያድገው በምርምር ነው፤ ምርምር የሚያድገው ደግሞ በግዥ መመሪያ ነው። ይህን ታላቅ እውነት ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው ሰመራ ከተማ ዳር የተቋቋመው የፕላኔት ሳይንስ ምርምር ክፍል ነበር። ኃላፊው ዶክተር ባንተይርጋ ቴሌስኮፕ ሳይኖራቸው ሩቅ የሚያዩ ሰው ናቸው። ክፍሉ በተመረቀ ዕለት፣ «ከእንግዲህ ወጣቶቻችን ማርስን ለማጥናት ባሕር አያቋርጡም!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የተጨበጨበው ንግግሩ ስላለቀ ነው የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም።

ያን ንግግር አምነው ከመጡት አንዷ ሎዛ ናት። አዋሽ ላይ ፊዚክስ ስታስተምር ቆይታ፣ ለአንዲቷ የረዳት ተመራማሪ ቦታ ብላ ሥራዋን ለቀቀች። የሚጠበቅባት የማርስን በሚመስል አፈር ላይ ሙከራ ሠርታ ውጤቱን እስከ ሰኔ ማስረከብ ብቻ ነው። ካልሆነላት ግን ይህም ቦታ የለም፤ የአዋሹንም ሌላ ሰው ይዞታል።

ታዲያ አፈር ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። ከቢሮው ጀርባ ወጥታ፣ እሳተ ገሞራ የተፋውን ደረቅ አፈር በፌስታል ሞልታ ገባች።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ዶክተሩ።

«የማርስ ዓይነት አፈር ነው፣ ዶክተር። ፈረንጆቹ እኮ እዚህ ድረስ የሚመጡት ለዚሁ ነው።»

«ከየት ገዛሽው?»

«አልገዛሁትም። ከጓሮ ዝቄው ነው።»

ዶክተሩ ከልባቸው አዘኑላት። «ልጄ፣ ደረሰኝ የሌለው አፈር እኮ አቧራ ነው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶች፤ አባቶች ግን የግዥ ሥልጠና አልወሰዱም። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጨረታ ወጣ፣ የማርስን የሚመስል አፈር ከባሕር ማዶ ታዘዘ። ሎዛ በንዴት እየተቃጠለች ጠበቀች። ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦትም ተከተለው።

በመጨረሻ አፈሩን የጫነው መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ ድንበር ገባ፤ ሰርዶን አለፍ እንዳለም ተገለበጠ። ዶክተሩና ሎዛ ሲደርሱ ሾፌሩ ናስር መንገድ ዳር ተቀምጦ ውኃ ይጠጣል።

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔስ ተርፌያለሁ» አላቸው።

«አፈሩስ?»

«እሱማ ፈሰሰ። የቱ የኛ፣ የቱ የናንተ እንደሆነ ግን ወላሂ አላውቅም።»

ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ከዚህም ከዚያም ቆነጠሩ፤ አሸተቱም። ከዚያ ቀና ብለው ለትውልድ የሚተርፍ አመራር ሰጡ፦ «ጆንያዎቹ ይሞሉ!»

አካፋ መጣ። ከመንገዱ ዳር እየተዛቀ ጆንያው ሁሉ ጢም አለ። ሰመራ ሲደርስ ንብረት ክፍል ቆጥሮ ተረከበ፤ ማኅተም አረፈበት፤ የሰርዶ አፈር በይፋ ከውጭ የገባ ሆነ። ሎዛ በስንት ጊዜዋ ፈገግ አለች፤ ቢያንስ አሁን መሥራት ትችላለች። ግን ሰኔ አልቆ ነበር።

«ቦታውስ፣ ዶክተር?» አለች።

«ኮሚቴው ከውጭ የመጣ ባለሙያ እንዲቀጠር ወስኗል። የአገር ውስጥ ሰው... ያው ታውቂዋለሽ።»

ሎዛ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «እንግዲያው እኔም እንደ አፈሩ በጋላፊ ወጥቼ ልግባ?»

ዶክተሩ ነገሩን በቁም ነገር አሰቡበት።

«ይቻላል» አሉ። «ብቻ ሰርዶ ላይ እንዳትገለበጪ፤ ከአገሬው ለይተን ማንሳት ያቅተናል።»