አቧራውን የሚውጥ ማሽን ፍለጋ

በእኛ ሰፈር ሳል የግል ንብረት አይደለም። ቂርቆስ ውስጥ፣ ቤት ከቤት ተደጋግፎ በቆመበት ግቢ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት አንዴ «እህህ» ካላችሁ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ይመጣል። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር ዘፍዝፋ፣ ሌላዋ ዳማከሴ ጨምቃ፣ ጡረታ የወጡት ሻምበል ደግሞ «ባሕር ዛፍ ታጠኑ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይዘው። «ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መቼም የኛ ሰፈር ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ሳል ይዞ ስርቆት ቀርቶ ሳል ይዞ መተኛትም አይቻልም፤ መካሪ በሩን ያንኳኳል።

መካሪ ሲጠፋ ሰው ይሳሳታል ይባላል። እኔ ግን ሲበዛም እንደሚሳሳት አይቻለሁ። የሁሉም ምክር ስለ ሳሉ ነው፤ ሳሉን ስላመጣው ነገር የሚያነሳ የለም። ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን መወልወል ማለት ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ባለቤቴ ስለ ስንዱ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ስንዱ እንጨት ሠሪ ናት። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ ወንድሞቿ ሲሸሹት እሷ መላጊያውን አነሳችና በዚያው ቀረች። ከቤታችን ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ዎርክሾፕ አለቻት። እዚያ ውስጥ የምትሠራው በአብዛኛው የሕፃን አልጋ ነው። እኔ ካዛንቺስ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ተደግፌ የምውል ሰው ነኝ፤ ከእንጨት ጋር ያለኝ ዝምድና በዚሁ ያበቃል።

የሕፃን አልጋ እንደ ቁም ሳጥን አይደለም። የቁም ሳጥን ጀርባ ቢሻክር ግድግዳ ይሸፍንለታል። ሕፃን ግን ከአልጋው የማይዳስሰው ጥግ፣ በድዱ የማያኝከው ጠርዝ የለም። ስለዚህ ስንዱ ዕድሜዋን የፈጀችው በመቁረጥ ሳይሆን በማለስለስ ነው። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት በእጇ ትፈትግ ነበር፤ ኋላ አንድ ማለስለሻ ማሽን ገዛች። ማሽኑ ሥራ ያቀላል። አቧራውን ግን ለማንም ሳያዳላ ይበትነዋል። ሰጋቱራ እንኳ ደግ ነው፣ መሬት ላይ ይቀመጥና ይጠረጋል። ክፉው ያ እንደ በርበሬ የላመው ነው፤ አየር ላይ ተንሳፍፎ ውሎ፣ ሰው ትንፋሹን ሲስብ አብሮ የሚገባው።

ስንዱ አፍንጫዋን በሻርፕ ጠቅልላ ዓመታት ሠራች። ሳሉ ሲጀምራት ብርድ ነው አለች። ሲቆይ አለርጂ ነው አለች። በመጨረሻ ከዎርክሾፑ እስከ ወጥ ቤቱ ሄዳ ግድግዳ ተደግፋ ስታርፍ ሳያት፣ ክርክሩን ትቼ እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር። ደረቷን ደጋግማ አዳመጠች፣ ወደ ቱቦ አስነፋቻት፣ የደረት ራጅ አስነሳቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ስንዱ አስጠግታ፣

«እናቴ፣ ሳንባዎ ተቆጥቷል» አለቻት። «ገና አልረፈደም። ግን ይሄን አቧራ እየተነፈሱ ከቀጠሉ መድኃኒቱ ብቻውን አይረዳዎትም። ወይ አቧራውን ይተዉ፣ ወይ ሥራውን።»

እኔ የሰማሁት «ሥራውን» የሚለውን ነው። ስንዱ የሰማችው «አቧራውን» የሚለውን ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለት የተለያየ ምክር ይዘን ወጣን።

ታክሲ ውስጥ የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ። በቃ ይበቃሻል፣ የተዘጋጀ ዕቃ አምጥተሽ የምትሸጪበት ትንሽ ሱቅ እንክፈት፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ትውያለሽ፣ ወዘተ። ስንዱ በመስኮቱ እያየች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አቧራውን ራሱ የሚውጥ ማሽን አለ ይባላል። እሱን እንፈልጋለን።»

«ባይኖርስ?»

«አለ አልኩህ እኮ።»

የቅዳሜ ጠዋቶቼ በፍለጋ መሄድ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ቄራ ነው፤ እዚያ የምታውቃቸው የሙያ ጓደኞች አሏት። አንደኛው ቅንድቡ ላይ ሳይቀር አቧራ ተኝቶበት፣ ከአቧራ የሚሸሽ አናጺ ከውኃ እንደሚሸሽ ዓሣ ነው ብሎ ሳቀባት። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበትና ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ስንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለትና፣ «አየህ» ብላው ብቻ ወጣች።

ቀጥሎ ካዛንቺስ ሄድን። ድሮ የማሽን ሱቅ የነበረበትን ቦታ በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ ፊት ፊት መራሁ። ስንደርስ ሱቁም፣ ከሱቁ ጎን የነበረው ሻይ ቤትም፣ ሁለቱ የነበሩበት መንደርም የለም፤ ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድና ገና ሥር ያልያዘ አበባ ነው የጠበቀን። የምውልበት መሥሪያ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በመኪና ስለማልፈው ብቻ ሱቁ አሁንም አለ ብዬ ኖሬአለሁ። ሰው ያለፈበትን ሁሉ ያየ ይመስለዋል። አንድ ጥበቃ ባለሱቁ ወዴት እንደሄደ እንደማያውቅ ነገረን።

ከዚያ ወዲያ ያልገባንበት የማሽን ሱቅ የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሻጮቹን ሳይ አንድ ነገር ተማርኩ፤ እኛ አገር ማሽን የሚሸጠው በጉልበቱ ነው። «ማዘር፣ ይሄ አውሬ ነው።» «ማዘር፣ ይሄ ብረትም ይበላል።» ስንዱ ደግሞ የያዘችው ጥያቄ አንድ ነው፤ አቧራውስ የት ይገባል? እሷ ስለ ሳንባዋ ትጠይቃለች፣ እነሱ ስለ ፈረስ ጉልበት ይመልሳሉ።

ደግሞ ባዶ እጇን አልወጣችም። ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ቁራጭ ዋንዛና አንድ ጥቁር ጨርቅ ይዛለች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጨርቁን አንጥፈህ እንጨቱን እላዩ ላይ ታለሰልሳለህ፣ ጨርቁ ከነጣ ማሽኑ ውሸታም ነው። ሻጮቹ ግን አልወደዱላትም። አንዱ «ማዘር፣ ሰክተን ካሠራነው በኋላ አዲስ ብለን ለማን እንሸጠዋለን?» አላት፤ እውነቱን ነው። እሷም «ሳላየው ከገዛሁት በኋላ እኔስ የትኛውን ሳንባ ነው የምቀይረው?» አለችው፤ ይሄም እውነት ነው። ሁለት እውነት አንድ ሱቅ ውስጥ ሲገናኝ ንግድ ይቆማል።

በመጨረሻ ደከመንና ተሳሳትን። ኋላው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ የእጅ ማሽን አየን። ሻጩ ከረጢቱን እየነካካ «አቧራው በሙሉ እዚህ ነው የሚገባው» ብሎ ማለላት። ስንዱ አመነታች። እኔ እግሬን ስላመመኝ አላመነታሁም፤ «በቃ ይሄ ነው» አልኩ። ገዛነው።

ቤት ስንደርስ ሻርፗን ጠመጠመችና አስነሳችው። ትንሽ ቆይታ አጠፋችው። ጥቁሩ ጨርቅ ጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል። ከረጢቱን ስታራግፈው ጠብ ያለው እፍኝ አይሞላም። ሳሏ ተነሳባት። በሩ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሱቁን ሐሳብ እንደገና ላነሳ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ዋጥኩት። ያዘነች አትመስልም። የምታስብ ነው የምትመስለው።

«አንዳንዱን ይዞታል እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«አቧራውን። ትንሽ ይዟል። ትንሽ ከያዘ ብዙ የሚይዝበት መንገድ አለ ማለት ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማሽኑን በዘንቢል አንጠልጥለን ኡራኤል አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባን። ሻጯ ሜሮን ትባላለች፤ የሱቁ ባለቤትም እሷው ናት። ስንዱ ማሽኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ታሪኩን ከሐኪሟ ጀምራ ነገረቻት። ሜሮን ሳታቋርጥ ሰማች። ከዚያ ማሽኑን ገልብጣ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ከሥሩ ላጥ አድርጋ አነሳችው።

«ይኸውልዎት» አለች። «የማሽኑ መዳፍ ቀዳዳ አለው፤ አቧራው የሚሳበው በዚያ ነው። የለጠፉበት ወረቀት ግን ድፍን ነው። በር ዘግተው እንግዳ እየጠበቁ ነበር።»

ስንዱ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ነካካቻቸው። «ሻጩ ይሄን አልነገረንም» አለች።

«ብዙ ሰው አይጠይቅም። ቀዳዳ ያለው ወረቀት ቢያደርጉበት ይሻላል፤ ግን ከረጢቱ ትልቁን ነው የሚይዘው፣ ደቃቁ በጨርቁ ሾልኮ ይወጣል። እርስዎን የጎዳዎት ደግሞ ደቃቁ ነው።» ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሚጢጢ ማሽን አወረደች፤ ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። ኋላው ላይ ወፈር ያለ ቱቦ የሚሰካበት አፍ አለው። «ይሄኛው ለብቻው አይሠራም፤ ከአቧራ መሳቢያ ጋር ተያይዞ ነው። መሳቢያው ደቃቁንም የሚያጣራ ማጣሪያ አለው። ጉልበቱ ግን ከያዙት ያንሳል፣ ልንገርዎት። ሥራው ይዘገያል።»

«ጨርቅ ይዣለሁ» አለች ስንዱ፣ እንደ መፍራት ብላ።

«ያንጥፉታ።»

ሜሮን ቱቦውን ሰካች፣ ቀዳዳ ያለውን ወረቀት ለጠፈች፣ ማሽኑንም ለስንዱ አቀበለቻት። ከውጭ የታክሲ ረዳት ይጮሃል፣ ከውስጥ መሳቢያው ያጉረመርማል፣ ስንዱ ዋንዛዋን ቀስ እያለች ትዳስሳለች። ስትጨርስ ሦስታችንም ጨርቁ ላይ አጎነበስን። እዚህም እዚያም ጥቂት ብናኝ አለ። ከዚያ በቀር ጥቁር ነው።

«ምንም የለም ማለት አይደለም» አለች ሜሮን። «ማስክ ሳያደርጉ አይሥሩ። መሳቢያውን ሲያራግፉም ውጭ አውጥተው፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው። ይሄ አቧራውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።»

እኔ የቢሮ ሰው ነኝና ስለ መዘግየቱ ጠየቅሁ። በትልቁ በግማሽ ቀን የሚያልቅ አልጋ በዚህ ስንት ሊፈጅ ነው? ስንዱ መልሱን ከሜሮን አፍ ነጠቀች።

«ቢዘገይ ግድ የለኝም» አለች፣ ወደ እኔ ዞር ሳትል። «እኔም መዘግየት ነው የምፈልገው። ቶሎ መሄድ አልፈልግም።»

ከዚህ በኋላ ሱቅ ውስጥ ብዙ ንግግር አልነበረም፤ ትንሹን ማሽን ከነመሳቢያው ገዝተን ወጣን። ትልቁን ማሽን ስንዱ ለዚያ ለሳቀባት የቄራ ወዳጃችን ሸጠችለት፤ ቀዳዳ ያለውን ወረቀት ግን በነጻ ጨመረችለት፣ ምክንያቱንም አስረድታ። መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ደውሎ ወረቀቱ የት እንደሚገኝ ጠየቃት።

ሳሏ በአንድ ጀምበር አልጠፋም። መጀመሪያ ቀኑን ትቶ ወደ ጠዋት ብቻ ተሰበሰበ፤ ከዚያ አንዳንድ ጠዋት መምጣት ይረሳ ጀመር። ለቀጠሮ ስንመለስ ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ፣ ቱቦውን እንደገና አስነፍታ፣ «ጥሩ ነው፤ ሥራውን ተዉት?» ብላ ጠየቀች።

«አቧራውን ተውኩት» አለች ስንዱ። «እርስዎ ነዎት እኮ ያስመረጡኝ።»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ክትትሉ እንዳይቀር አስጠነቀቀቻት፤ የሚቀጥለውንም ቀጠሮ ሰጠቻት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፤ ግን አዲስ አበባ ነው ያለነው።

አንድ ቀን የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አልጋ ሊያዙ መጡ። ዎርክሾፑ ውስጥ ገብተው ዙሪያውን አዩ። ወለሉ ንጹሕ ነው። መስኮቱ ያበራል። ስንዱ ራሷ ጸጉሯ ጥቁር፣ ቅንድቧ ጥቁር ነው። ተጠናቅቆ የቆመ አንድ አልጋ በእጃቸው ዳሰሱ፤ ልስላሴው እንዳስደሰታቸው ያስታውቃል፤ ሆኖም ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ልጄ» አሏት በጨዋ ድምፅ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ይሄን ከየት ነው የምታስመጪው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አባባ።»

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

«ዱቄት የሌለበት ወፍጮ ቤት አይቼ አላውቅም» አሉ፤ ባርኔጣቸውንም አንስተው ለመውጣት ተዘጋጁ።

ስንዱ አልተከራከረችም። ማስኳን አጥብቃ፣ ነገሩ ባይገባቸውም እንዲከተሏት ጠይቃ፣ መሳቢያውን እየጎተተች ወደ ግቢው ወጣች። ነፋሱን ከኋላቸው አድርጋ አቆመቻቸው፤ ከዚያ የመሳቢያውን ክዳን ከፈተች። እስከ አፉ ሞልቷል፤ ቀይ ቡናማ የዋንዛ ዱቄት። ሽማግሌው ቆንጠር አድርገው በጣታቸው መሃል አሹት፣ አሸተቱትም። አልጋውን አዘዙ። ሲወጡም «ይሄ ሁሉ ድሮ ሆድሽ ውስጥ ነበር የሚገባው?» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ማታ ራት ላይ የባል ምክሬን አቀረብኩ። ሁሉም ደንበኛ እንደኚህ ሽማግሌ አይታገስም፤ አንዳንዱ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ከመሳቢያው ትንሽ ሰጋቱራ ወለሉ ላይ በተን ብታደርጊ ምን ይመስልሻል አልኳት።

ስንዱ ጉርሻዋን አላምጣ እስክትውጥ ድረስ አየችኝ።

«አንተ ቢሮ ጠረጴዛህ ላይ ያን ሁሉ ወረቀት የምትበትነው ለዚህ ነው?»

«ባለጉዳይ ሲመጣ ብቻ ነው» አልኳት።