ሃያ አምስት ኪሎ ሩዝና አንድ ርካሽ መፍቻ

ሰፈር ያለ ሐኪም ይኖራል፤ ያለ ፖሊስም እንደምንም ይኖራል። ያለ አንድ ፈታሽ ግን የኖረ ሰፈር የለም። ፈታሽ ማለት ሻጭ የማለበትን፣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን፣ ባለሙያ ያጸደቀውን ነገር በገዛ እጁ ካልሞከረ እንቅልፍ የማይወስደው ፍጡር ነው። ለእኛ በጃፓን ለዮኮቴ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ኩማጋይ ሳዮ ናቸው።

ወይዘሮዋ በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሠላሳ አንድ ዓመት ሩዝ ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ማኅበሩ ተገላገለ፤ እኛ ተያዝን። "የተጻፈውን ተወውና እንመዝነው" ይላሉ። ሰው የልደት ኬክ ሲያመጣላቸው እንኳ ከማመስገናቸው በፊት ሚዛን ላይ ያወጡታል። የእኔን የሰውነት ሚዛን ደግሞ በሁለት ጆንያ ሩዝ ፈትሸው ሦስት ኪሎ እንደሚዋሽልኝ በሚስቴ ፊት አወጁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኋቸው። አላስተዋሉም።

አንድ ነገር ብቻ ሳይመዝኑ ኖረዋል፤ የገዛ ጉልበታቸውን። በረዶ ሊጥል ሲል የትንሿን የጭነት መኪናቸውን ጎማ በበረዶ ጎማ የሚቀይሩት ራሳቸው ናቸው። የጎማውን ዳዶ የሚያጠብቁት ደግሞ መፍቻው ላይ በሁለት እግራቸው ቆመው ነበር። አምና አንድ ብሎን ተበጠሰ። ወሬው ሴንዳይ ከተማ ድረስ ሄዶ የልጃቸው የያሱሂኮ ጆሮ ገባ። ዘንድሮ በረዶው ሳይመጣ እሱ መጣና የመኪናዋን ቁልፍ ኪሱ ከተተው።

"እማዬ፣ ወይ ጋራዥ ታስቀይሪያለሽ፣ ወይ እንደኔ ደህና ቶርክ መፍቻ ገዝተሽ ታሳዪኛለሽ። አለዚያ መኪናዋ ትሸጣለች" አላቸው።

ቶርክ መፍቻ የሚባለው፣ የሚፈልጉትን ልክ ቁጥሩ ላይ አስተካክለው ሲያጠብቁበት፣ ዳዶው ሲበቃው "ቀጭ" ብሎ የሚናገር መፍቻ ነው። ጋራዡማ የአንድ ወር ወረፋ ይዞ ነበር። ወይዘሮዋ ግን በየሐሙሱ ተራራውን ተሻግረው፣ አረጋውያን ማረፊያ ያሉትን ታላቅ እህታቸውን ምሳ ያጎርሳሉ። እህትየው ከሌላ ሰው እጅ አይበሉም። አውቶቡሱ ከቀረ ቆይቷል። ቁልፉ ካልተመለሰ ሐሙስ ቀረ ማለት ነው።

የመፍቻው ምርጫ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን የመሣሪያ ሱቁ ሠራተኛ ገና ከበሩ ሲያያቸው ሸሽቶ መጋዘን ገባ። ተከትለውት ገቡ። ባለ ሠላሳ ሺህ የን መፍቻ ሲያሳያቸው፣ "ጋራዥ በቀን አርባ መኪና ያጠብቃል፣ እኔ በዓመት ሁለቴ አንዲት መኪና፤ ለማልጨርሰው ዕድሜው እኔ ለምን እከፍላለሁ?" አሉት። ባለ ሦስት ሺህ ስምንት መቶውን አነሱ። የመኪናቸው ዳዶ ልክ መቶ ሦስት ኒውተን ሜትር ስለሆነ፣ ቁጥሩ መለኪያው ጫፍ ላይ ሳይሆን መሀሉ አካባቢ መዋሉን አዩ። ያለ መነጽር አነበቡት። ጆሯቸው ሥር አስጮሁት። ሠራተኛው ከካርቶኑ ውስጥ የምርመራ ወረቀት አውጥቶ ቢሰጣቸው አጥፈው መለሱለት።

ቅዳሜ ያሱሂኮ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ፣ የራሱን ውድ መፍቻ ይዞ ደረሰ። የእናቱን ዕቃ አየና ፈገግ አለ። "መጫወቻ ገዛሽ እኮ" አላቸው።

እናት ብረት ነክሶ ወደሚይዘው ሞርሳቸው ሄዱ። የመፍቻውን ጭንቅላት ሞርሳ ውስጥ አስረው እጀታውን አግድም ዘረጉት። ከጭንቅላቱ መሀል እስከ መያዣው አርባ ሁለት ሳንቲሜትር ለኩ። እዚያ ላይ መቶ ሦስትን የሚያህለው ሃያ አምስት ኪሎ ነው አሉና፣ ጆንያውንና ገመዱን ሳይቀር መዝነው ሩዝ አንጠለጠሉ። ሩዙን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ ምስክሬ ነው። በሃያ አራት ኪሎ ዝም። በሃያ አራት ተኩል ዝም። ሃያ አምስት ሞልቶ አንድ ስኒ ሲጨመር፣ ቀጭ!

እልል ማለት አማረኝ፤ ለጊዜው ዋጥኩት።

"አሁን ያንተን አምጣ" አሉ ወይዘሮዋ።

የሱም መያዣ እዚያው ርቀት ላይ ነበር። ውዱ መፍቻ ግን በሃያ አንድ ኪሎ ጮኸ። ገና አራት ኪሎ ሲቀረው በቃኝ አለ። ደግመው ሰቀሉት፤ ያው ሃያ አንድ። ያሱሂኮ ጆንያውን አየ፣ እናቱን አየ።

"ስትጨርስ ቁጥሩን ወደ ታች ትመልሰዋለህ?" አሉት።

"በየጊዜው ማስተካከሉ ስለሚሰለቸኝ እዚያው ላይ ነው የምተወው።"

"ዓመቱን ሙሉ ወጥረኸው? ውስጡ ያለው ሞላ ደክሟላ፣ ልጄ።"

ወይዘሮዋ መጫወቻውን ይዘው በቀጥታ ወደ ልጃቸው መኪና ሄዱ። በውዱ መፍቻ ጠብቆ የነበረው የመጀመሪያው ዳዶ ሩብ ዙር ሄዶ ነው መፍቻው የጮኸው። ሁለተኛውም ሄደ። ሃያውም ሄዱ። ልጆቹ ከኋላ ወንበር በመስኮት አያታቸውን እያዩ ይስቁ ነበር፤ አባታቸው ፊቱ አመድ መስሎ ከጎኔ ቆሟል። አራተኛው ጎማ ሲያልቅ ኪሱ ገባና የእናቱን የመኪና ቁልፍ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው።

"የኔን ዳዶዎች ከመሄዴ በፊት አንዴ ድገሚልኝ" አለ።

ሐሙስ በረዶ ጣለ። ትንሿ መኪና ተራራውን ወጣች፤ እህትየውም ጠግበው በሉ።

የቅዳሜው ወሬ እሳት ነበርና በሳምንቱ ግቢያቸው በር ላይ ሰባት መኪና ተሰለፈ። የእኔ ስምንተኛ ነበር። ወይዘሮዋ ዞረው ደረሱኝና ጎንበስ ብለው አንደኛውን ዳዶ ያዙ። ቀጭ። ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውም እንዲሁ።

"ሺባታ፣ ያንተን እኮ ጋራዡ ሰኞ ነው የሠራው። እኔ ራሴ አይቻለሁ። በልኩ ጠብቋል፤ በዚህ ብርድ ለምን ተሰለፍክ?"

"አውቃለሁ" አልኳቸው። "እርስዎ ካልነኩት ግን በረዶው ላይ አልነዳውም።"

ቀና ብለው አዩኝና፣ ወደ ሦስተኛው ዳዶ አለፉ።