ክብርት ሰብሳቢ እና የአርቡ ባዶ ሰዓት

ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ አንዲት የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ አለች። ትምህርት ቤቱ አጥር ላይኖረው ይችላል፣ ጣሪያው ሊያፈስ ይችላል፤ እሷ ግን አትጠፋም። ማን እንደመረጣት የሚያስታውስ የለም። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ወንበር ሲጎድል ሮጣ ወንበር አምጥታ የተቀመጠች ሰው ናት፤ ከዚያ ወዲህ ያስነሳት የለም።

የእኛዋ ጎረቤቴም ናቸው፤ የእሳቸው ልጅና የእኔ ልጅ አንድ ክፍል ይማራሉ። በጉርብትናችን «አንቺ» ብላቸው ነውር አልነበረም፤ ነገር ግን አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው አንቺ አይባልም። ስለዚህ «ክብርት ሰብሳቢ» እላቸዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ቀልድ መሆኑን እስካሁን አልነቁብኝም፤ ወይም ነቅተው ማዕረጉን ስለወደዱት ዝም ብለዋል።

ክብርት ሰብሳቢ ባዶ ነገር አይሆንላቸውም። ባዶ ግድግዳ ካዩ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ ባዶ ወንበር ካዩ ሰው ያስቀምጡበታል፤ እጁን ኪሱ የከተተ አባት ካዩ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ይከቱታል። «ለምን?» ለሚላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ዝም ብሎማ አይሆንም።»

በወላጆች የስልክ ግሩፕ ላይ በየማለዳው የትምህርት ቤቱን ዜና የሚያሰራጩትም እሳቸው ናቸው። «ሰበር ዜና፦ ሁለተኛ ክፍል በር ላይ አንድ እግር ካልሲ ተገኝቷል። ማጣራቱ ቀጥሏል።» ከሰዓት በኋላ ደግሞ፦ «ካልሲውን በተመለከተ የሚናፈሰው ወሬ ፍጹም ሐሰት ነው።» ከእሳቸው በቀር ስለ ካልሲው ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ የአንዲት አንደኛ ክፍል ተማሪ ጥርስ መውለቁን ሲያበስሩን ወላጅ ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲል ዋለ። ሳያነብ የሚመልስ አንድ አባት ብቻ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ።

እንዲህ ባለንበት ነው የልጆቻችን መምህርት አንድ ሐሳብ ለዳይሬክተሩ ያቀረበችው። አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ባዶ ይሁን፤ ልጆቹ ጓሮ ወጥተው በካርቶን፣ በአሮጌ ጎማና በገመድ ያሻቸውን ይሥሩ፤ ትልቅ ሰው እንዲህ አድርጉ አይበላቸው። «ልጅ ካልሰለቸው ምን ብሎ ይፈጥራል?» አለች። ዳይሬክተሩ ንጽሕናና ሒሳብ የሚወዱ ሰው ናቸው። «ለሦስት ሳምንት እንየው። ግርግር ከሆነ ግን ሰዓቱን ለሒሳብ እሰጠዋለሁ» አሉ።

ልጄ ያን ቀን እየሮጠች መጣች። ሒሳብ እንባ እንባ የሚላት ልጅ ናት፤ ካርቶን ስታይ ግን ፊቷ ይበራል። ቤታችን ውስጥ ከአርብ ሌላ ወሬ ጠፋ።

ክብርት ሰብሳቢም ሰሙ። «ነፃ ሰዓት ደስ ይላል፤ ግን ዝም ብሎማ አይሆንም» አሉና የነፃ ሰዓት አስተባባሪ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔን ደጃፌ ላይ ያዙኝ።

«አንተ የመሰልቸት ዘርፍ ኃላፊ ሆነሃል።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ልጆቹ በሥርዓት መሰልቸታቸውን ትከታተላለህ።»

«አልሰለች ካሉስ?»

«ታስጠነቅቃቸዋለህ።»

የመጀመሪያው አርብ በመክፈቻ ንግግር አለፈ። ክብርት ሰብሳቢ የነፃነትን ትርጉም ከራሳቸው ልጅነት ጀምረው ሲያብራሩ ልጆቹ በሰልፍ ቆመው አዳመጡ። «እንግዲህ አሁን ነፃ ናችሁ» ከማለታቸው ደወሉ ጮኸ። ግሩፑ ላይ «ነፃው ሰዓት በደማቅ ሁኔታ ተካሄደ» የሚል ዜና ወጣ።

በሁለተኛው አርብ ልጆቹ በቡድን ተከፈሉ። «ቡድን አንድ፣ በነፃነት ሩጡ። ቡድን ሁለት፣ በነፃነት ተቀመጡ።» ፊሽካ ሲነፋ ይቀያየራሉ። አንዱ ልጅ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሊንከባለል ሲል «ከፕሮግራም ውጪ» ተብሎ ጎማው ተወረሰ። እኔም የተሾምኩበትን አልዘነጋሁም፤ ስታዛጋ ያየኋትን አንዲት ልጅ «በርቺ» አልኳት።

ዳይሬክተሩ ከዳር ሆነው ሲያዩ ቆዩና፣ «ይሄማ ስፖርት ነው፤ ስፖርት ደግሞ ማክሰኞ አላቸው» አሉ። «በሚቀጥለው አርብ ራሴ ቆሜ አያለሁ። ካላሳመነኝ ሒሳብ ይገባል።» መምህርቷ አንገቷን ደፋች።

ይህን ጊዜ የክብርት ሰብሳቢ ልጅ መጥታ የእናቷን ሹራብ ጎተተች።

«እማዬ፣ አሁን እየተጫወትኩ ነው ወይስ ገና ነኝ?»

ክብርት ሰብሳቢ ፊሽካውን በአፋቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሲተነፍሱ ፊሽካው በቀጭኑ ጮኸ። ቡድን አንድ ተቀመጠ።

ያን ቀን ዜና አልወጣም። በማግስቱም የለም። ወላጆች ተደናግጠው «ደህና ናቸው ወይ?» እያሉ እኔ ጋ ይደውሉ ጀመር። እኔ ራሴ የግሩፑን ድምፅ ካጠፋሁት ስንት ጊዜዬ ነው፤ ያን ሰሞን ግን ስልኬን እየደጋገምኩ ስከፍት ራሴን ያዝኩት። አንድ ጥርስ የሚያወልቅ ልጅ እንኳ ይጥፋ?

ሦስተኛው አርብ ሲነጋ ዝናብ ነበር። ልጄ ቦርሳዋን አዝላ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች።

«አባዬ፣ ጭቃ ካዩ ሒሳብ ያደርጉታል አይደል?»

ሰዓቱ ሲደርስ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ጓሮው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ መምህርቷ ልጆቹን እንዲሁ ለቅቃቸው እስከ ጉልበታቸው ገብተውበታል። ዳይሬክተሩ ጥላቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ከቢሮ እየወጡ ነው። ያንን ጓሮ ባዩ ቅጽበት ነገሩ እንደሚያበቃለት አወቅሁ።

ሳይደግስ አይጣላም፤ ክብርት ሰብሳቢ ፋይል በብብታቸው ይዘው ከተፍ አሉ። አንገታቸው ባዶ ነው። የቢሮው በር ላይ ቆሙ።

«አቶ ዳይሬክተር፣ አስቸኳይ ስብሰባ አለን።»

«ስለ ምን?»

«እሱን ነው የምንወያየው።»

«ጓሮውን አይቼ ልመለስና…»

«ዝም ብሎማ አይሆንም» አሉና ሰውየውን ወደ ውስጥ መልሰው በሩን ዘጉት።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በበሩ መስታወት አየሁ። አጀንዳ አንድ የተሰበሩ ወንበሮች ነበር። አጀንዳ ሁለት አጀንዳ አንድን መገምገም ነበር። ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ብድግ ባሉ ቁጥር ክብርት ሰብሳቢ «ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» ይላሉ፤ ሰውየው ደግሞ ይቀመጣሉ። ጓሮው የሚታየው ከዳይሬክተሩ ጀርባ ባለው መስኮት ነው። ክብርት ሰብሳቢ ፊት ለፊት ያዩታል።

ልጆቹ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ቦይ እየቆፈሩ ውሃውን «ቶሎ በል» እያሉ ይቆጡታል። የእኔ ልጅ ካርቶን ለብሳ ዝናቡ ላይ ቆማለች። ኋላ «ምን ነበርሽ?» ብላት «ገና አልወሰንኩም» አለችኝ። የክብርት ሰብሳቢ ልጅ ጎማ ውስጥ ሆና ተንከባለለች፤ ስትወጣ ከጥርሷ በቀር ነጭ ነገር አልነበራትም። እናቷ አዩዋት። ሊነሱ ዳዳቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገጽ ገለጡና፣ «ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች እንለፍ» አሉ። ስብሰባ የሚያውቅ ሰው ልዩ ልዩ ጉዳዮች ማለቂያ እንደሌላቸው ያውቃል። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ወደድኳቸው።

ደወሉ ሲደወል ዳይሬክተሩ ግንባራቸውን እየጠረጉ ወጡ። ጓሮው ባዶ ነው። መምህርቷ የጨቀየ ቀሚሷን ከክፍሏ በር ጀርባ ደብቃ አንገቷን ብቻ ብቅ አደረገች።

«እንዴት ነበር?»

«በሰላም አልፏል።»

«እንግዲያው ይቀጥል» አሉ፤ ለመከራከር አቅም አልቀራቸውም። ስብሰባውም በየሳምንቱ አርብ በዚሁ ሰዓት እንዲቀጥል ተወስኖ፣ ሳያስተውሉ ፈርመውበታል።

ክብርት ሰብሳቢን በሩ ጋ ደረስኩባቸው።

«ሆን ብለው ነው አይደል?»

«ልጆቹ እንዲለቀቁ ትልቁን ሰው የሚይዝ ያስፈልጋል» አሉኝ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። «ብቻዬን ግን ይከብደኛል። ሰዓቱ ረጅም ነው።»

ዕድሜ ልኬን ስብሰባ ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን በየአርቡ ማንም ሳይጠራኝ ገብቼ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አይተው ሊነሱ ሲሉ እጄን አወጣለሁ፦ «ይቅርታ፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ።»