ሽመላዎቹን ስንጠብቅ

አንድ ሰው «ይህን ነገር እንጠብቀው» ሲል ስሰማ ይደክመኛል። እውነቴን ነው። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኔም አንድ ጊዜ ብዬው ስለማውቅ ነው። አንዳንድ ድካም ከሥራ ብዛት አይመጣም፤ ደህና የተቀመጠ ነገር ላይ እጅን ከመስደድ ነው የሚመጣው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ብቸና የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ትውልዴ ሞጣ ነው። ብቸና ውስጥ ሚስት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፤ እሑድ እሑድ ስብሰባ ካልተጠራ በእግሬ ወደ ገጠር እወጣለሁ። ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ ከአንድ ጉብታ ሥር ትንሽ ረግረግ አለች። ኩሬ እንዳትባል ቀጤማ ውጧታል፤ ሜዳ እንዳትባል ሰው ታሰጥማለች። መሐሏ ላይ በየክረምቱ ሁለት ሽመላዎች ጎጆ ይሠራሉ። ሽመላ የሚላቸው አገሬው ነው፤ የትምህርት መጽሐፉ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል፣ ተማሪዎቼ ግን አልያዙትም። አንገታቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ግራጫ፣ ከአገጫቸው ሥር የፍየል ጉትቻ የመሰለ ነገር የተንጠለጠለባቸው። ሁለት እንቁላል ይጥላሉ። አንድ ጫጩት ካሳደጉ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ስብሰባ የማይጠሩኝ ወዳጆቼ እነሱ ብቻ ነበሩ። እወዳቸው ነበር።

ታዲያ ሰው እንዴት ሳይነካቸው ቀረ? ከብቱስ እንዴት አልገባም? ቀጤማውስ ለበዓል እንዴት አልታጨደም? የአጥቢያውን ቄስ አባ ልየውን ጠየቅኳቸው። ግዝት አለበት አሉኝ። ከሰኔ ሚካኤል እስከ መስቀል ረግረጉ ውስጥ እግሩን ያስገባ ሰው የተወገዘ ነው፤ አባታቸውም ገዝተውት ነበር፣ አያታቸውም። ለወፎቹ ብላችሁ ነው? አልኳቸው። ሳቁ።

«ለሣሩ ነው እንጂ ልጄ። ሣሩ እንዲያርፍ ነው። ወፎቹማ ተጠግተው ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብመለስ ምን ነበረበት? አልተመለስኩም። ሳይንስ ተምሬያለኋ። አባ ልየው አርጅተዋል፤ ነገ ቢሞቱ ማን ይገዝታል? ግዝት ሕግ ነው እንዴ? ቁጭ አልኩና ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። ወፎቹ ከሰው ንክኪ ይጠበቁልኝ አልኩ። «ብርቅዬ» የምትለዋን ቃል አራት ቦታ አስገብቻታለሁ። በዚያ ዘመን የሰው ማመልከቻ መልስ አያገኝም ነበር። የእኔ አገኘ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አንተነህ ደብዳቤውን ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣና አቀፈኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ወዳድ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ሥራ ወዳድነቱ ነው። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ፣ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው አጀንዳ ግዝቱ ነበር። በመመሪያ የሚጠበቅ ቦታ እንዴት በኋላ ቀር ልማድ ይጠበቃል? ተባለ። ይፈታ ተባለ። እጄን አወጣሁ ወይ? አወጣሁ፤ ለድጋፍ። ሁሉም ሲያወጣ የእኔ እጅ ብቻውን የት ይቀራል?

አባ ልየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ግዝቱን ፈትቻለሁ አሉ። እኔ ከደጀ ሰላሙ ቆሜያለሁ። ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉ።

«መምህር፣ አንተ ነህ አሉ የጻፍኸው?»

«አዎን አባ።»

«ደግ። እንግዲህ አንተው ጠብቃቸው» አሉኝና መቋሚያቸውን ተደግፈው ሄዱ። ያቺ «አንተው» እስከ ዛሬ ትከብደኛለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ነሐሴ ነው። ሽመላዎቹ ሁለቱን እንቁላሎች ጥለው ታቅፈዋል።

ጠባቂ ተመደበ። አያ ቢያድግልኝ ይባላል፤ በመሠረተ ትምህርት ገና ማንበብና መጻፍ ተምሮ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ የሰቀለ ደግ ገበሬ ነው። ፊሽካ ተሰጠው። ቅጽም ተሰጠው። ቅጹ «የእንቁላል ብዛት» ይላል፣ «ሁኔታ» ይላል፤ ጧት ማታ ይሞላል። አያ ቢያድግልኝ ያላየውን የሚጽፍ ሰው አይደለም። ስለዚህ ጧት ማታ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ቀጤማውን እየገለጠ ጎጆው ድረስ ይገባል። ሽመላዋ ትነሣለች። እሱ ይቆጥራል፣ ይወጣል፣ «ሁለት፣ ደህና ናቸው» ብሎ ይጽፋል።

እናቴ ሞጣ ዶሮ ስታስታቅፍ እኔ ልጅ ሆኜ እንቁላሉ ተፈለፈለ አልተፈለፈለ እያልኩ ዶሮይቱን አነሣሣት ነበር። አንድ ቀን እጄን በማማሰያ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የታቀፈች ዶሮ አጠገብ ደርሼ አላውቅም። ለአያ ቢያድግልኝ ግን ማን ማማሰያ ያንሣበት? አያ፣ ከጉብታው ላይ ሆነህ ጠብቅ እንጂ አልኩት።

«ከጉብታው ላይ እንቁላሉ አይታየኝም። ሳላይ ልፈርም ነው?» አለኝ።

እሱ በከፈተው መንገድ ሌላው ተከተለ። ለካ ሰው አንድ ነገር ተጠበቀ ሲባል ካላየሁት ይላል። ዕድሜ ልኩን ዞር ብሎ ያላያቸው ሁሉ መጣ። የጳጉሜ መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ ለዘመን መለወጫ እንግጫ የሚባለው ሣር የሚነቀልበት ቀን ሆነ። ልጃገረዶቹ ድሮ ግዝቱን ፈርተው ወደ ላይኛው ሜዳ ነበር የሚሄዱት። አሁን እየዘፈኑ ረግረጉ ገቡ። አያ ቢያድግልኝ ፊሽካውን ነፋ። እነሱም ፊሽካውን ከዘፈኑ ጋር አስማሙት። እግዜርን መፍራት ሌላ፣ እንደ አያ ቢያድግልኝ ያለ የአክስት ባል መፍራት ሌላ።

እኔ ምን አደረግኩ? ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጓድ አንተነህ አነበበና፣ ልክ ነህ፣ ሕዝቡ ገና አልነቃም፣ ቅስቀሳ ያስፈልገዋል አለ። ቅስቀሳው ለአብዮት በዓል ማግስት ተወሰነ። የሦስት ቀበሌ ሕዝብ ከበሮ ይዞ፣ መፈክር ይዞ ወረደ። ረግረጓ ዳር ቆመን፣ ወፎቹ ጸጥታ እንደሚፈልጉ በድምፅ ማጉያ ተነገረን። ሕዝቡም ግራ እጁን አንሥቶ፣ ጸጥታ እንደሚጠብቅ በአንድ ድምፅ ቃል ገባ። ከዚያ «መግባት ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ ሊተከል ሆነ። ዳር ዳሩ ጭቃ ነው፣ ሰሌዳው አልቆም አለ። ጠንከር ያለ መሬት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጎጆው አጠገብ። ስድስት ጎልማሶች ገብተው ተከሉት።

ሽመላዎቹ ተነሡ። አንድ ጊዜ ከበላያችን ዞሩ፣ ሁለተኛም ዞሩ። ጮኹ፤ ጩኸታቸውን ከበሮው ዋጠው። ከዚያ ሄዱ። ሕዝቡ ሲበተን እኔ ይመለሳሉ ብዬ ጉብታው ላይ ቀረሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅኩ። አልመጡም። በመጨረሻ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፣ እኔም ገባሁ እንግዲህ፣ እንቁላሎቹንም ነካኋቸው። ቀዝቅዘዋል። ሰሌዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ሰው ለወፍ ያለቅሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያለቅሳል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥበቃው የጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አይገባም፤ ምን ሊያይ? አያ ቢያድግልኝ «ሁለት፣ ደህና ናቸው» እያለ እስከ ጥቅምት ድረስ ቅጹን ሞላ። ሐሰት አልጻፈም። እንቁላሎቹ ሁለት ናቸው፣ አልተሰበሩም። እንዲያውም የምትነሣበት ሽመላ ስለሌለች ሥራው ቀለለው። እኔም እንደ ጸሐፊ ፈረምኩ። ቦታው አንድም ጥሰት ያልታየበት ተብሎ በአርአያነት ተጠቀሰ።

በዓመቱ አባ ልየው ዘንድ ሄጄ ግዝቱን ይመልሱልኝ ብዬ ለመንኩ። እኔ፣ የሳይንስ መምህሩ።

«ልጄ፣ ሰው አንዴ ረግጦት ምንም ካልሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ግዝት ወሬ ነው» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሽመላዎቹ ሳይመለሱ ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው፣ እናቴን ልጠይቅ ወደ ሞጣ በአውቶቡስ እየሄድኩ ነው። አጠገቤ መስኮቱ ዳር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ መንገድ ላይ ስንጫወት መምህር መሆኔን ነግሬያቸዋለሁ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ውሃ የቋጠረ ጎድጓዳ አለ። ውስጡ ሁለት ግራጫ ነገር ቆሟል። አንደኛው አንገቱን ቀና አደረገ፤ ነጭ ነው። ደስታ ይሁን ድንጋጤ እንጃ፣ ሳላውቀው ወደ መስኮቱ ተሳብኩ።

«ያ ምንድን ነው መምህር?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ድንጋይ ነው አባቴ።»

ደግመው ወደ ውጭ አዩ። ድንጋዩ ክንፉን ዘረጋ፤ መልሶ አጠፈው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና ፊቴን ብዙ አዩኝ።

ከፊታችን ካኪ የለበሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው ተቀምጧል። ንግግራችንን ሰምቶ ዞረ። ምንድን ነው ያያችሁት? አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ጋቢያቸውን እንደሚያስተካክል ሰው ዘርግተው መስኮቱን ሸፈኑት።

«ድንጋይ ነው ልጄ» አሉት። «ድንጋይ ደግሞ ምኑ ይታያል?»