መምህር ወልደገብርኤል በእሑድ ዓረፍተ ነገር ላይ የዘመቱት ዘመቻ

በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጠመኔ በጨበጡ በሦስተኛው፣ አንድ ለእናቱ የሆነውን ኮታቸውን ባስገለበጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ የእንግሊዝኛ ፋና፣ የጥቁር ሰሌዳ አንበሳ፣ በሰዋስው የማይረቱት መምህር ወልደገብርኤል በነገሌ ቦረና የመንግሥት ትምህርት ቤት የጎልማሶችን ክፍል ይዘው ተሰለፉ።

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበረ፦ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ደብተራቸውን በጨርቅ የሚጠቀልሉት፤ የሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ራሺድ፤ የሊበኑ ከብት ነጋዴ ኦቦ ዋሪዮ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሚማሩት፤ ከእነርሱም በኋላ አሥራ ሰባት የወታደር ሚስቶች፣ ባለሱቆችና ጸሐፊዎች። በማግሥቱ ኢንስፔክተር ሊመጣ ነበረ፤ ከሃያው አንድ ቢጎድል ክፍሉ ይዘጋል ተብሏል። መምህሩም በዓለም ላይ ከዚህ ክፍል ሌላ የሚወዱት ስላልነበራቸው እጅግ ፈሩ፤ ፍርሃታቸውንም በሳል ሸፈኑት።

ወእምዝ ከመጽሐፉ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ትርጓሜዋም «እኔ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» ማለት ነው። ሁሉም ገልብጦ ወደ አሉታ ይለውጣት ብለው አወጁ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተነሥተው «አልሄድም ብሎ እጄ አይጽፍም፤ ይህ ክህደት ነው» ሲሉ አወጁ። ራሺድም «እሄዳለሁ ብዬ ጽፌ በየትኛው ፊቴ ጁምዓ ልቆም ነው?» ሲል አወጀ። መምህሩ ነገር ያበረዱ መስሏቸው ቤተ ክርስቲያኑን በመስጊድ፣ እሑዱን በዓርብ ቢተኩ፣ የወታደሮቹ ሚስቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በቀለም የሰፈረ ሁሉ ለእነርሱ መሐላ ነበረና ወንዶቹም ተከተሉ። ጀግናው ከባዶ አግዳሚና ከኦቦ ዋሪዮ ጋር ቀሩ፤ ሊያለቅሱም ምንም አልቀራቸው።

ያን ጊዜ ኦቦ ዋሪዮ «አምላካችን ዋቃ ቤትም እሑድም የለው፤ እኔ የትኛውንም ብጽፍ ውሸት ነው። ሰው ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀውን እውነት ይጻፍ» ብለው አወጁ፤ ወጥተውም ናጋ፣ ናጋ፣ ሰላም ይሁን እያሉ ሠራዊቱን ከግቢው ግራር ጥላ መለሱ። በታሪክ የመምህሩ ብልሃት ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ሾፌሩ ስለ ወይዘሮዋ እሑድ፣ ወይዘሮዋ ስለ ሾፌሩ ዓርብ፣ እየተጠያየቁ ጻፉ።

በማግሥቱ ሃያውም ሳይጎድሉ ኢንስፔክተሩ ፊት አነበቡ። እርሱም ስለ መምህሩ የጻፈ አለ ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጨርቁን ፈትተው «መምህር ወልደገብርኤል እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም» የምትለውን ያለ አንዳች ስሕተት በእንግሊዝኛ አሰሙ። ራሺድም እሑድ ማለዳ መኪናውን በመስኮታቸው ሥር ሲያስነሣ ማንኮራፋታቸውን እንደሚሰማ መሰከረ፤ ኦቦ ዋሪዮም ከብት በደጃፋቸው ሲያልፍ እንደማይነቁ አጸኑ። ኢንስፔክተሩ መምህሩን አተኩሮ አይቶ «ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ክፍሉ ይቀጥል» ሲል አወጀ።

እንግዲህ ሦስት ሃይማኖት በአንድ ቃል ላስማሙት፣ ክፍላቸውን በገዛ ውርደታቸው ላዳኑት ለመምህር ወልደገብርኤል ክብርና ውዳሴ ይሁን። ሌላ አወዳሽ ስላልተገኘ ይህን ዜና የጻፈው ራሱ ወልደገብርኤል ነው፤ የጻፈውም እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከሴቶች በኩል ሆነው መምጣቱን ካዩለት በኋላ፣ መቆም ያልለመደው እግሩን በሙቅ ውኃ ነክሮ ነው።