ከድርን ማን ይሸከመው?

እኛ አዳማዎች ሰው ሲሸከም አይተን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ጎረቤት ቁም ሳጥን የሚያወጣ እንደሆነ፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣው መንገደኛ ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ «ወዲህ በል፣ ወዲያ በል» ማለት ይጀምራል። ከተሸካሚው አዛዡ ይበዛል። ደግነት ነው፤ ምን ክፉ አለው? እኔም እንዲያ ነበር የማስበው።

አብረን የተማርን ጓደኛሞች በየወሩ፣ በተራ፣ በየቤታችን እንገናኛለን። ከመካከላችን ከድር የሚባል የሞባይል ጠጋኝ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሄደው በዊልቸር ነው። ቀን የሰው ስልክ ይጠግናል፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ደግሞ የተበላሸ ጨዋታ ይጠግናል። አብዛኞቹ ቤቶቻችን ጎርፍ ፈርተን ከመሬት ከፍ አድርገን የሠራናቸው፣ የቀሩትም ፎቅ ስለሆኑ ደረጃ የሌለው የለም። እና ከድር ደጅ ሲደርስ ወንዶቹ ግር ብለው ይወጣሉ። አዛዣቸው ቶሎሳ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር። «ያዝ! አንሳ! ወደ ቀኝ ስበር!» ይላል፣ ተሳቢ ወደ ኋላ የሚያስገባ ይመስል። ከድር አየር ላይ ሆኖ ሰላምታ ይሰጠናል። ሶፋው አጠገብ ያስቀምጡትና ላባቸውን ይጠርጋሉ። ቶሎሳ ደረቱን ነፍቶ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ይላል። እኛም እናጨበጭባለን።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። ከድር ምንም አይጠጣም። በዚያ ሙቀት! እኛ አምቦውን፣ ለስላሳውን፣ ቢራውን ስናንቆረቁር እሱ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ይቀመጣል። ይሉኝታ ያበዛል እያልን እናማዋለን።

ባለፈው ስልኬን ላሠራ ሱቁ ሄድኩ። የሚቀጥለው ተረኛ እኔ ነኝ፣ እንዳትቀር አልኩት። ስልኬን እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ ከእንግዲህ እንደማይመጣ ነገረኝ። ደነገጥኩ። ማን አስቀየመህ? ማንም። ታዲያ? የፈታውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ፈገግ ብሎ አወጣው።

«ከጠጣሁ ሽንት ቤት መሄድ ሊመጣ ነው። ያኔ ቶሎሳን ከነሠራዊቱ ከምግብ ላስነሳ? ደግሞ ቶሎሳ ያንን የጅቡቲ መንገድ ታሪኩን ሲጀምር እናንተ አንድ በአንድ ሹልክ ትላላችሁ። እኔ የት ልሂድ? ስንቴ ሰማሁት መሰለሽ! ከዚህ በኋላ ተሳቢ መንዳት አያቅተኝም።»

ሳቅኩ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሎሚው ስንተርት ሎሚውን የጠየቀው የለም! ከድር ከቀረ ደግሞ ምን ይተርፈናል? የቶሎሳ ታሪክ ብቻ።

«በል፣ ሱቅህን ዝጋና ቤቴን መጥተህ እይልኝ» አልኩት።

እኔ ያሰብኩት ደረጃው ላይ ጣውላ ማጋደም ነበር። ጣውላውን አየና «በዚህ የምወርደው አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ነው» አለ። ከዚያ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘና፣ ሳሎን ለምን ያስፈልጋል፣ ማንጎው ሥር ጥላ አለ፣ መሬቱም ደልዳላ ነው አይለኝም? ሳሎኔን እኮ ነው! አዲስ ሶፋ ገዝቼ፣ ገና ላስቲኩ እንኳ ሳይወልቅ! እንግዳ ሜዳ ላይ አስቀመጠች ልባል? እህህ አልኩና ዋጥኩት። ላስቲኩም እዚያው ይቆይ።

ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ያለውን ሽንት ቤት አየ። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ከነዊልቸሩ ገብቶ መዝጋት አይችልም። አናጺ ጠርቼ ወደ ውጭ እንዲከፈት አስገለበጥኩት። መግቢያው ላይ ያለችውን ደረጃ በሲሚንቶ አስተካከልናት፤ ግድግዳው ላይ የሚይዘው ብረት ተተከለ። የአበባ ማሰሮዎቼን ከመንገድ አነሳሁ። አለቀ። እንዴ! ለዚች ነው ሰው በአየር ስናጓጉዝ የኖርነው?

የቀጠሮው ቀን ከድር ከሁሉም ቀድሞ ከተፍ አለ። እኔ ገና ሻሽ እንኳ ከራሴ አላወረድኩም። ቀጥሎ ቶሎሳ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። «አካም! ከድር የታለ? እናንሳው እንጂ!» ከድር ማንጎው ሥር ሆኖ ብርጭቆውን አነሳለት። ቶሎሳ እጁን የሚያደርግበት አጣ። አሳዘነኝና የቢራ ሳጥን አሸከምኩት፤ ትንሽ ተጽናና።

ከድር ጠጣ። አምቦ ጠጣ፣ ጭማቂ ጠጣ። ከዚያ «ይቅርታ» ብሎ ዊልቸሩን አዞረና ወደ ሽንት ቤቱ ሄደ። ጨዋታው ቀጥ አለ። ሁላችንም ላለማየት እየታገልን እናያለን። ሲመለስ ቶሎሳ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ቆነጠጥኩት። ሽንት ቤት ደርሶ ለመጣ ሰው ይጨበጨባል? ከድር ሌላ አምቦ ጠየቀ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዓይኔ እንባ ሲሞላ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣው ሽንኩርት ነው ብዬ አሳበብኩ።

ከምግብ በኋላ ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንዴ፣ የጅቡቲ መንገድ ላይ...» ሲል፣ ማናችንም ከወንበራችን ሳንነሳ፣ የዊልቸር ጎማ ጠጠር ላይ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ከድር ወደ ውጭው በር እየሄደ ነው።

«የት ነው?» አለ ቶሎሳ።

«መጣሁ!» አለ ከድር።

«መጣሁ» ብሎ ከቶሎሳ ታሪክ የተመለሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግቢው በሳቅ ተናጋ። ቶሎሳ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሚሰማለት ከድር ብቻ ነበራ። በኋላ ግን እሱም ሳቀ።

አሁን ተረኛው ቶሎሳ ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። እንደ ድሮው ቢሆን እስከ አሁን ጉልበተኛ ሲመለምል ነበር። ዘንድሮ ግን ከድር ሱቅ ሄዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ዝግጅቱ የት ቢሆን ይሻላል ብሎ ጠየቀው።

«የትም ይሁን» አለው ከድር። «ብቻ መውጫው ሰፊ ይሁን።»